ፊርዶሳን ለመቀበል ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

ጭሮ መናኸሪያ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ ሱሪውን ትቶ ስለ ባቡር ጣቢያው ነው የሚጠይቀኝ። «እውነት ወለሉ ፊት ያሳያል?» ይላል አንዱ። «እውነት ትኬቱ ላይ ስምህን ይጽፉልሃል?» ይላል ሌላው። ስመልስ ስመልስ ባለፈው የአንዱን ደንበኛ ሱሪ አንደኛውን እግር አሳጥሬ ሌላውን ረስቼ አስረከብኩት። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። የማይሄደው እንደሄደ ይቁጠረው፤ የሚሄደው ደግሞ እኔ የተሳሳትኩትን አይሳሳት።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። አክስቴን አዴ ከዲጃን ይዤ ነው። «አዴ» እኛ ጋ ትልቅ ሴት የምትከበርበት አጠራር ነው። አዴ ከዲጃ የእናቴ ታላቅ እህት ስትሆን የምትኖረው መሰላ ነው። አንድ ልጇ ፊርዶሳ ገና ልጃገረድ ሳለች አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታ ጅቡቲ ገባች። አባትየው ደግ ሰው ነበር፣ ግን ከተናገረ አይመለስም፤ «ከደጄ እንዳትደርስ» አለ። አልደረሰችም። እኔ ያኔ አፍንጫዬን መጥረግ የማላውቅ ልጅ ስለነበርኩ መልኳን እንኳ አላስታውሰውም። አባትየው አምና አረፈ፣ አላህ ይዘንለት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፤ ፊርዶሳ ነበረች። ስልኬን ጅቡቲ ከሚመላለስ የጫት ነጋዴ ተቀብላ ነው።

«ለእናቴ ንገራት» አለችኝ። «በባቡር ድሬዳዋ ድረስ እመጣለሁ። ልታየኝ የምትፈልግ ከሆነ ጣቢያው ላይ ትቁም። ካላየኋት እዚያው ትኬት ቆርጬ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ አልመጣም።»

«ቆይ በስልክ ላገናኛችሁ» ብላት፣ «በስልክ ማንም ይናገራል። አባቴ ሲያባርረኝ አጠገቡ ቆማ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አሁን መጥታ ትቁምልኝ» አለች። እሺ ፎቶ ላኪ አልኳት። «እናቴ ካላወቀችኝ ፎቶ ምን ይሠራል?» ብላ ዘጋችው። የጅቡቲ ሲም ካርዷ ደግሞ ድንበር ካለፈች በኋላ አይሠራላትም። እልህ በዘራችን ያለ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል።

የመጀመሪያው ቀን

አክስቴን ላመጣ በጠዋት መሰላ ወጣሁ። ጉሙ ገና ከማሽላው ላይ አልተነሳም ነበር። እሷ ግን ተጣጥባ፣ ለብሳ፣ አንድ ቅል ቅቤ በነጠላ ቋጥራ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ጎረቤቶቿን ብጠይቅ ሳቁብኝ። አንዷ ጠጋ ብላ «ከሱብሒ ሰላት በኋላ አልተቀመጠችም» አለችኝ።

ከጭሮ ድሬዳዋ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ የሚሄድ አስፋልት እያለ ለምን ባቡር ልሳፈር ብለህ ወደ ኋላ ሚኤሶ ወረድክ ትሉኝ ይሆናል። አክስቴ ጠመዝማዛ መንገድ አትችልም፤ ከመሰላ ጭሮ እንኳ ስንመጣ ሁለት ፌስታል ሞልታለች። ከዚያም በላይ የራሷ ምክንያት ነበራት። «ልጄን የሚያመጣልኝን ነገር አስቀድሜ ልየው» አለች። እኔና እሷ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ሁላችሁም እንድታነቡት ብዬ ነው።

ከመሰላ ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ የጫት ጆንያ ላይ ነበር የተቀመጥነው። ሹፌሩ አክስቴ ስታስመልስ አይቶ ሳይነግሩት ቀስ ማለት ጀመረ። የጫት መኪና ሹፌር ቀስ ሲል ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ከኋላ የተቀመጡት ነጋዴዎችም ፈጠን በል አላሉትም፤ አንደኛው ሎሚ ቆርጦ እንድታሸተው ሰጣት። ጭሮ ስንገባ ባለቤቴ ሾርባ አዘጋጅታ ጠበቀችን። አክስቴ ሾርባውን ጠጥታ ተኛች።

ሁለተኛው ቀን

ሚኤሶ ጭሮ ላለ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ግን ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ሌላ ዓለም ነው። ጭሮ ላይ ሹራብ ደርቤ ወጥቼ ሚኤሶ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ባቡሩ የሚያልፈው በማግስቱ ስለሆነ ማደር ነበረብን። ይሄን ልብ በሉ፤ ባቡር እንደ እኛ ሚኒባስ በፈለጉት ሰዓት የሚገኝ ነገር አይደለም። ቀኑን ጠይቃችሁ፣ ትኬታችሁን ቀድማችሁ ቆርጣችሁ፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ነው የምትወርዱት። እኔ ትኬቱን ሰው ልኬ ነበር ያስቆረጥኩት።

ያረፍነው አስቴር የምትባል ሴት ቤት ነው። አስቴር ጴንጤ ናት፤ አልጋ ታከራያለች። ክፍሉን ስታሳየን አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ሙቀቱን በፊቷ ተቀበለችና ወደ ኋላ አለች። አስቴር ነገሩ ገብቷት የራሷን አልጋ ከነፍራሹ ጎትታ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አቆመችላት። «አንቺስ የት ልትተኚ ነው?» ብላት፣ «እኔ ለምጄዋለሁ» አለች። እራት ሲደርስ ትሪ ይዛ መጣችና ገና ሳታስቀምጠው «ሥጋው የሙስሊም ነው፤ ከጎረቤቴ ከፋጡማ ቤት ነው ያሠራሁት፤ ሳትጠራጠሩ ብሉ» አለችን። እኛ እኮ አልጠየቅናትም። እኔ በበኩሌ እንቁላል አበስላለሁ ብዬ ሆዴን አዘጋጅቼ ነበር።

መግሪብ ከሰገድን በኋላ አስቴር ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። አክስቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው፤ ለእኔም በሕይወቷ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም።

«ያን ቀን አፌ ተያዘ» አለች። «እሱ ሲናገር ልቤ ‹አይሆንም› ይላል፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ አየችኝና ሄደች። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ስሟን ቤት ውስጥ አልጠራሁም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስሟን ከሰማ ወጥቶ እርሻ ላይ ነበር የሚውለው።» አስቴር እንባዋ መጣ። «በኢየሱስ ስም ብጸልይላችሁ ቅር ይላችኋል?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «ጸልዪልኝ ልጄ፤ የሚሰማው አንድ ነው» አለቻት። አስቴር ጸለየች፣ አክስቴ እጇን ዘርግታ «አሚን» አለች። ጠዋት ስንሄድ አስቴር ለመንገድ ብላ ቂጣ ቋጠረችልን።

ሦስተኛው ቀን

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት፤ ስህተቱም የመናኸሪያ ሰው ስህተት ነው። የሚኤሶ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በጠዋት ደረስን፣ መታወቂያችንን አዩ፣ ዕቃችንን ፈተሹ። አክስቴ ቅሏን ማሽኑ ውስጥ አላስገባም ብላ ትንሽ ተከራከረች፤ መብራቱ ቅቤውን ያቀልጠዋል ብላ ነው። ፈታሹ «እማማ፣ ቢቀልጥ እኔ እከፍልዎታለሁ» ብሎ ከማለላት በኋላ ለቀቀችለት። ቅቤው እንኳን ከማሽን ከሚኤሶ ፀሐይም ተርፎ ወጣ።

ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው በጣም ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከመናኸሪያ ፊት ለፊት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ መኪና ሳይሞላ እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ጠዋትን ከሰዓት ያደርገዋል። «አዴ፣ ገና ነው፤ አልሞላም» ብዬ ወደ ውጭ፣ ጥላው ሥር ይዣት ወጣሁና የአስቴርን ቂጣ ፈታን። ባቡሩ መጣ፣ ቆመ። እኔ አሁንም እያኘክሁ ነው። ረዳቱ ይጥራን እያልኩ። ረዳት የለውም ለካ! አንድ ፖሊስ ሮጦ መጥቶ «ሰውዬ፣ ባቡር እኮ አይጠብቅም!» ሲለኝ ክው አልኩ። አክስቴን በአንድ ክንዷ እኔ፣ በሌላው ፖሊሱ ይዘን ሮጥን፤ ከላይ ያሉት ተሳፋሪዎች ጎትተው አስገቧት። እግሬ ከመሬት እንደተነሳ በሩ ተዘጋ። ይሄ ባቡር ቢያመልጠን ኖሮ ፊርዶሳ በማግስቱ ስትደርስ ማንን ታይ ነበር?

ስህተቴ አላበቃም። አንድ ባዶ ወንበር በመስኮቱ በኩል አየሁና ጃኬቴን ወርውሬ ያዝኩት፤ መናኸሪያ ላይ ቦታ የሚያዘው እንደዚያ ነው። ትንሽ ቆይታ አንዲት ሴት መጣችና ጃኬቴን አንስታ በፈገግታ ሰጠችኝ። ከቦርደዴ ፍየል እየገዛች ድሬዳዋ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። «ወንድሜ፣ ቁጥር አለው» አለችኝ። ትኬቴን ተቀብላ አየችና «የእናንተ እዚያ ማዶ ነው» ብላ ጠቆመችኝ። ከተቀመጠች በኋላ ቀና ብላ አክስቴን ስታይ ግን ተነሳች። «አዴ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። እኔ ይሄን መንገድ ጠግቤዋለሁ፤ አንቺ እዪው» ብላ መስኮቱን ለቀቀችላት።

አየች። ባቡሩ ሲሄድ መሄዱ አይታወቅም። ጠመዝማዛ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ጡሩምባ የለ። እኔ ለክፉም ለደጉም ብዬ ፌስታል ዘርግቼ ብጠብቅ አክስቴ ምንም አልሆነችም። ሜዳው እየሰፋ፣ ግመሎቹ እያነሱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በቀኝ በኩል ያ ሰማያዊ ጋራ አብሮን ይሄዳል፣ አያልቅም። አክስቴ «ጀማል፣ ያ ጋራ የማን ነው?» አለችኝ።

«የእኛ ነዋ። እዚያ ላይ ነው ያለነው።»

አክስቴ መሰላ ከቤቷ ጀርባ ቆማ ቆላውን ቁልቁል ስታይ ነው የኖረችው፤ ጅቡቲ በዚያ በኩል ነው ሲሏት ጊዜ ማታ ማታ እየወጣች ታየው ነበር። ከታች ሆና ራሷን አይታ አታውቅም። «ሱብሃነላህ፣ እዚያ ላይ ነው የምንኖረው?» አለች። ወላሂ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሰው የራሱን አገር ከታች ሆኖ ካላየ ከፍታው አይገባውም።

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ደረስን። አክስቴ ብዙ ስለተቀመጠች ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አንድ ወገን ሲነጉድ እኛ መድረኩ ላይ ቀረን። አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ መጣች፤ ወጣት፣ ፊቷ ጠይም፣ ድምፅዋ ለስላሳ። «እማማ፣ በዚያ ሲዞሩ ይደክሙብኛል፤ በዚህ ይቅረብዎት» አለችና ቁልፍ አውጥታ ትልቁን የመስታወት በር ከፈተችልን። በዚያ በር ቀጥታ ወደ ዋናው አዳራሽ ገባን። ይሄን ደግነቷን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ በማግስቱ ግን ጉድ ሊሠራን ነበር።

አሁን አዳራሹን ልንገራችሁ። እንዲያው ምኑን ከምኑ ላርገው? ጭሮ መናኸሪያን ከነአውቶብሱ፣ ከነሎንችናው፣ ከነሻይ ቤቱ አንስታችሁ ብታስገቡት ዳሩ ይቀራል። ጣሪያውን ለማየት ቆቤን በእጄ ያዝኩ። ወለሉ እውነትም ፊት ያሳያል፤ እኔ ፊቴን ብቻ ሳይሆን የሸሚዜን የጎደለ ቁልፍ አይቼበታለሁ፤ ለልብስ ሰፊ አሳፋሪ ነው። ውጭ ያ ሁሉ ሐሩር እያለ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሰው ሲያወራ ድምፁ ወደ ላይ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁሉም በዝግታ ነው የሚናገረው። አክስቴ ደፉ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። መስጂድ የገባች መስሏት አይደለም፣ ታውቃለች። «ይሄን በጫማ መርገጥ ነውር ነው» ብላ ነው። ጥበቃዋ ተንበርክካ ጫማውን መልሳ አደረገችላት፤ «ይቀዘቅዝዎታል እማማ» አለቻት።

ለምትሄዱ ሰዎች የሚጠቅመውን እዚሁ ልጨምር። ትኬት የሚቆረጠው አዳራሹ ውስጥ በአንድ ወገን ባሉት መስኮቶች ነው። መታወቂያ ከኪስ ቶሎ የሚወጣበት ቦታ ይሁን። ስማችሁ ከተጠራ ወይም ሰው ሲሰለፍ ካያችሁ ተነሱ፤ ይሞላል ብላችሁ አትቀመጡ። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፤ ባጃጁና ሚኒባሱ የሚሰበሰበው ባቡር ሲመጣ ብቻ ነው፣ ሰው ከጫነ በኋላ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ይሄን የመጨረሻውን በደንብ ያዙት።

ያን ቀን ከተማ ገብተን አንድ አነስተኛ ሆቴል አደርን። ባለቤትየው ጉዳያችንን ሲሰማ የአክስቴን ክፍል ወደ ምድር ቤት አዛወረላት፣ ቅቤዋንም ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠላት። ጭሮ ላይ እንግዳ ካስተናገድን ሙሉ ሰፈሩ ያውቃል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ደግነቱን ያደርግልህና «አቦ፣ ተወው» ብሎ ይሄዳል።

አራተኛው ቀን

የጅቡቲው ባቡር ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው ተባልን። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ቅሏን ታቅፋ ሆቴሉ በር ላይ ተቀመጠች። «ባውቃትስ፣ ባላውቃትስ?» ትለኛለች ደጋግማ። «ታውቂያታለሽ» እላለሁ። ምኑን አውቄ ነው? እኔ የፈራሁት ያንኑ ነበር።

ባጃጅ አቁሜ «ባቡር ጣቢያ» አልኩ። «ግባ አቦ!» አለኝ። ከባለባጃጁ ጋር ስለ ጭሮ ጫት ስንጫወት ቆይተን ሲያቆም ቀና ብል ዛፍ ያለበት፣ ያማረ፣ ጸጥ ያለ የድሮ ሕንጻ ፊት ቆመናል። ድሬዳዋ ላይ ባቡር ጣቢያው ሁለት ነው ለካ! አንዱ መሃል ከተማ ያለው የጥንቱ ለገሃር ነው፤ ባቡሩ የሚመጣው ግን ከከተማው ውጭ ወዳለው ወደ አዲሱ ነው። ስትሳፈሩ «አዲሱ» በሉ። ለገሃር በር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሁኔታችንን አይተው፣ እኔን ትተው ባለባጃጁን ተቆጡት፤ «ሴትየዋ ቅል ይዛ እንግዳ ልትቀበል እየሄደች ነው፣ እዚህ ማን አለ? ንዳ!» አሉት። ነዳ። አክስቴ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

አዲሱ ጣቢያ ስንደርስ ሜዳው በሚኒባስ ተሞልቷል። ፍተሻውን አልፈን ገባን። ተመስገን፣ ባቡሩ ገና ነው። እኔ አሁን አዋቂ ነኝ፤ አክስቴን ይዤ ቀጥታ ትናንት በገባንበት የመስታወት በር ፊት አቆምኳት። መናኸሪያ እኮ አንድ በር ነው ያለው፤ የሚሄደውም የሚመጣውም በዚያው ነው። «በዚህ ነው የምትወጣው። ዓይንሽን ከበሩ እንዳትነቅዪ» አልኳት።

ባቡሩ ገባ። ወለሉ ከእግራችን ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በመስታወቱ ውስጥ ሰዎች ሲወርዱ እናያለን፤ ሻንጣ፣ ማዳበሪያ፣ ሕፃን የታቀፈች፣ ፍራሽ የተሸከመ። አክስቴ ከፊቷ የሚያልፈውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። ሁሉም ግን ከበሩ አጠገብ ሲደርስ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ይሄዳል። በሩ አይከፈትም። «ወረፋ እየጠበቁ ይሆናል» አልኩ። መድረኩ ባዶ ሆነ። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ አየሁትና ከዚያ በኋላ ማንም የለም።

የትናንትናዋ ጥበቃ ከወዲያ ማዶ ስታየን እየተቻኮለች መጣች። «ሰው እየጠበቃችሁ ነው?» አለች።

«ከጅቡቲ የምትመጣ እህቴን። በዚህ በር አይደል የሚወጡት?»

ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ የሚሳፈሩ ሰዎች በር ነው። ትናንት እኔ ነኝ ለእማማ ብዬ የከፈትኩት። መጪዎቹ በጎን ነው የሚወጡት... ወጥተው አልቀዋል እኮ።»

አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። ሕንጻውን በጎን ዞሬ ስደርስ ሚኒባሶቹ አቧራ እያስነሱ እየወጡ ነው። በየመስኮቱ «ፊርዶሳ! ፊርዶሳ የምትባል አለች?» እያልኩ ሮጥኩ። ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመጨረሻው ባጃጅ ሁለት ሽማግሌ ጭኖ ሄደ። ሜዳው ላይ እኔና አንድ ውሻ ቀረን።

እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር፤ መናገር አላስፈለገኝም። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ከሩቅ አየችኝና ገባት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥበቃዋም ቆማ አንገቷን ደፍታለች። አዳራሹ ውስጥ ሌላ ባቡር የሚጠብቁ፣ ስልክ የሚነካኩ፣ ትኬት መስኮት ላይ የተሰለፉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ጀርባውን የሰጠን ነው የሚመስለው። «ሄዳለች አዴ» አልኳት። «እናቴ አልቆመችልኝም ብላ ሄዳለች።»

አክስቴ ቅሉን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ብድግ ብላ ወደ አዳራሹ መሃል ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ እጇን አፏ ዳር ስታደርግ ነው።

እኛ አገር፣ ስልክ ሳይመጣ በፊት፣ ዛሬም ኔትወርክ በማይደርስበት፣ ሰው የሚጠራው ከጋራ ወደ ጋራ ነው። ጩኸት አይደለም፤ የሚጮህ ሰው ድምፁ ገደሉ ውስጥ ይወድቃል። ስሙን ትጠሩና መጨረሻውን ትስቡታላችሁ፣ እንዲሻገር። ሁለት ጊዜ ትጠራላችሁ። ከዚያ ዝም ነው። መልሱ ሸለቆውን አቋርጦ እስኪመጣ መጠበቅ አለባችሁ፤ እየደጋገመ የሚጠራ ሰው የሚመለስለትን አይሰማም። እናቶች ልጆቻቸውን ማታ ከእርሻ የሚያስገቡት እንዲህ ነው።

«ፊርዶሳአአአ—»

ድምፁ ከዚያች ከሲታ ሴት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ወደዚያ ጣሪያ ወጣ፣ በወለሉ ላይ ሄደ፣ ግድግዳውን ነክቶ ተመለሰ። ስልክ የሚነካካው ሁሉ ቀና አለ። እኔ አፈርኩ፣ አልዋሻችሁም፤ ሙስሊም ሴት፣ አሮጊት፣ በሰው ከተማ መሃል። ከበሩ በኩል አንድ ሌላ ጥበቃ ሊያስቆማት ሲመጣ የእኛዋ ጥበቃ እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«ፊርዶሳአአአ—»

ከዚያ ዝም አለች። እጇን አወረደች፣ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፣ ጠበቀች። ያ ትልቅ አዳራሽ ከነሰዉ አብሯት ጠበቀ። ከዚያች ሴት አፍ ያ ስም ስንት ዓመት እንዳልወጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አዮ—»

እናቴ ማለት ነው። የተሳበ፣ የተሻገረ፣ የመሰላ ጋራ ድምፅ። ከትኬት መስኮቱ ነው የመጣው። ብጫ ድሪያ፣ ያን ሰፊ የጅቡቲ ቀሚስ፣ የለበሰች፣ ሞላ ያለች ሴት ጀርባዋን እንደሰጠችን ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ወዲያው አልዞረችም። አክስቴ ወደ እሷ መሄድ ጀመረች፣ በዚያ በሚያንሸራትት ወለል፣ በዚያ ባልጸና ጉልበት፤ ሄጄ ልደግፋት ስል ጥበቃዋ ክንዴን ያዘችኝ። ያን ጊዜ ሴትየዋ ዞረች።

ከመስኮቱ ውስጥ የትኬት ሠራተኛው ፓስፖርቷን በቀዳዳው አውጥቶ ያወዛውዛል። «እህት፣ ለጅቡቲ ነው ያልሽኝ? እህት!» ይላል። የሚመልስለት ሰው አልነበረም።